አሥራ አራቱ ቡናማ ፍሬዎች

ጀናዛ አጣቢዎቹ ውሃውን አሙቀው፣ ከፈኑን ቆርጠው፣ «ቢስሚላህ» ሊሉ ሲሉ ኢንስፔክተር ሂንዳ በሩን ከፍታ ገባችና «ሜትር ይኖራችኋል?» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። ሟቿ ዊዳድ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሜትሯ እንደተጠቀለለ ከስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጧል። ከአጣቢዎቹ አንዷ አምጥታ ሰጠቻት። ፊቷ ግን «ደግሞ የሬሳ ልክ የሚወስድ ሰው መጣ?» ይል ነበር። ሂንዳ እንዲህ ያለውን ፊት ለምዳዋለች። ሐረር ሄዳ ሁለት ዓመት አዋላጅነት ተምራ፣ ትምህርቱን አቋርጣ፣ ሀርጌሳ ተመልሳ ፖሊስ የሆነች ሴት ምን የማታየው ፊት አለ! አዋላጅነቱን የተወችው ደም ፈርታ ነው የሚሉ አሉ፤ ፖሊስ የሆነችው ደም ወዳ ነው የሚሉም አሉ። ወሬ መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቃል!

ተንበርክካ የሟቿን የግራ እግር ባት ለካች። ሠላሳ ስምንት። የቀኙን ለካች። ሠላሳ አራት። እንዳልተሳሳተች ለማረጋገጥ ሁለቱንም ደግማ ለካችና እግሮቹን በጨርቁ ሸፈነች።

«አላህ ይርሀምሽ እህቴ» አለች ቀስ ብላ። «በሉ አሁን ሥራችሁን ቀጥሉ።»

ነገሩ የሆነው ከትናንት ወዲያ ሳይሆን ገና ትናንት፣ ረመዳን ሃያ አራት ቀን ነው። ዊዳድ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ናት። ከከሚሴ ወጥታ ሀርጌሳ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ኤዶ ሀሲና ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ከባሏ ከታጁ ጋር ትኖር ነበር። ከጎኗ ያለውን ክፍል የያዘችው ደግሞ ሰዓዳ ናት፤ የአገሯ ልጅ፣ መንገዱን አብራት የመጣች፣ ያላገባች ጓደኛዋ። ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ማዕድ ነው የሚበሉት። ትናንት መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ጠልቃ ጾም ሲፈታ፣ ዊዳድ አንድ ቴምር ጎረሰች፣ ውሃ ጠጣች፣ ሰዓዳ ከሠራችው ሾርባ ሦስት ማንኪያ ቀመሰች። ልትሰግድ ስትነሳ ደረቷን ይዛ «አየር!» አለችና ወደቀች። ባጃጁ ሆስፒታል ሳይደርስ ነፍሷ ወጣች። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

ታጁ እንደ እብድ ሆነ። ዋሄን ገበያ ልብስ የሚሸጥ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ትናንት ግን ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው። «ሾርባው ነው! ሰዓዳ ናት የመረዘቻት!» ፖሊስ መጣ። የሰዓዳ ክፍል ተፈተሸ። ፍራሿ ሥር የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ተገኘ። ሲከፈት በውስጡ ቁልፍ የለም፤ አሥራ አራት ቡናማ የኪኒን ፍሬዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል? ሰዓዳ እጇ ታሰረ።

«ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ፍርድ ቤት እልካታለሁ» አላት ዛሬ ጠዋት ለሂንዳ አለቃዋ ሻለቃ አቦኮር። ሻለቃው እንደ ብዙ የዘመኑ ሰዎች በስደት ኢትዮጵያ ያደገ ነው፤ አማርኛ ሲመቸው ይሰማል፣ ሳይመቸው አይሰማም። «ቡናማ መርዝ ተገኝቷል። ምን ቀረሽ?»

«መርዝ መሆኑ» አለች ሂንዳ።

አሁን ከአጣቢዎቹ ክፍል ወጥታ ወደ ስፌት መኪናው ሄደች። ለዒድ የታዘዙ ቀሚሶች እስከ ጣሪያ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። ከመኪናው ሥር ጎንበስ አለች። የኤሌክትሪኩ መርገጫ ከወንበሩ በስተቀኝ ተገፍቶ ተቀምጧል። ሲሚንቶው ላይ ግን በግራ በኩል መርገጫው ለዓመታት የተፋተገበት ጥቁር ምልክት አለ። በሩ ላይ የዊዳድ ነጠላ ጫማዎች ነበሩ። የቀኙ ማሰሪያ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነው፤ የግራው እስከ መጨረሻው ተለቋል። ሂንዳ የመኪናውን መሳቢያ ከፍታ ከክሮቹ ሥር አሰሰችና አንድ የወሊድ መከላከያ እሽግ አወጣች። የቡናማዎቹ መስመር ባዶ ነው። ከነጮቹ ሃያ አንድ ቦታዎች ሃያው ተበልቶ አንድ ፍሬ ቀርቷል።

አከራይቷ ኤዶ ሀሲና በረንዳ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያ ትቆጥራለች። ድሬዳዋ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ከሂንዳ ይሻላል፤ ሱማሌዎቹም አበሾቹም «ኤዶ»፣ አክስታችን፣ ነው የሚሏት።

«ኤዶ፣ ስለ ሰዓዳ የሰማሽውን ንገሪኝ።»

«ልጄ፣ ሙት ላይ አልዋሽም። ሱሑር ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሰማኋት። ‹ዋጪው፣ ማንም አያውቅም› ስትላት። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ባልጠረጠርኩ። ሁለት ሦስቴ ነው የሰማሁት።»

«ዊዳድስ ምን አለቻት?»

«ሳቀች። እንዲያውም ‹አንቺ ባትኖሪ እረሳው ነበር› አለቻት።»

«ለሚመርዛት ሰው እንዲህ ትላለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ሰፈሩ ሰዓዳ ታጁን ትፈልገዋለች ይላል።»

«ሰፈሩስ እኔንም ብዙ ይለኛል። የሞተች ዕለት ዊዳድ እንዴት ነበረች?»

ኤዶ ሀሲና መቁጠሪያውን ጉልበቷ ላይ አኖረች። «ደክሟታል። ሦስት ቀን ሙሉ ይቺን ሁለት ደረጃ ወጥታ ትንፋሿ ይቆረጥ ነበር። እግሬን አመመኝም ብላ ነበር። ጾም ነው፣ መቀመጥ ያበዛሽው ነው አልናት። ታጁም እንዲሁ ነው ያላት። ከአሱር በኋላ ደግሞ፣ ጾም ሊፈታ ሁለት ሰዓት ሲቀር፣ ያንን ነጭ ጨርቅ ስታጥብ አየኋት። ምነው ስላት መርፌ ወጋኝ አለችኝ።»

ጨርቁ አሁንም ገመድ ላይ ነው፤ የሰው የዒድ ቀሚስ ነው። ሂንዳ ወደ ፀሐይ ዘረጋችው። ታጥቦ ቢደበዝዝም ነጠብጣቡ ይታያል፤ ጥቃቅን፣ የተረጨ፣ ከመሃል ወደ ዳር የተበተነ። መርፌ የወጋው ጣት አንድ ቦታ ያደማል እንጂ እንዲህ አይረጭም። ይህ በሳል የወጣ ደም ነው።

«ከአሱር በኋላ ነው ያልሽኝ? እርግጠኛ ነሽ?»

«ሰግጄ ስወጣ ነው ያየኋት። ሰላቴን አልረሳ!»

ሂንዳ ከዚያ ወደ ዋሄን ወረደች። በገበያው ጫፍ ኸሊፋ የሚባል የወሎ ልጅ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለው። የታጁ ወዳጅ ነው፤ ጁምዓ ጎን ለጎን ነው የሚሰግዱት። ከመሳቢያው ያገኘችውን እሽግ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥለት ፊቱ ተለዋወጠ።

«ከእኔ የተገዛ አይደለም።»

«ኸሊፋ፣ ጾመኛ ነህ።»

አንገቱን ደፋ። «ከእኔ ነው። ሰዓዳ ናት የገዛችው፤ ሁለት እሽግ። በወላሂ በዝምታ አልሰጠኋትም። ጠየቅኋት። እግርሽ ወይ ሳንባሽ ላይ ደም ረግቶ ያውቃል? የለም። ዓይንሽን ብልጭ ብልጭ እያደረገ የሚይዝ ራስ ምታት አለብሽ? የለም። ደም ግፊት? ለክቻት ነበር፣ ደህና ነው።»

«እውነቷን ነው። የነገረችህ የራሷን ነው። ለማን እንደምትወስደው ጠየቅሃት?»

«ኢንስፔክተር!» አለ ደንግጦ። «ያላገባች የአገሬ ልጅ ፊቷን ሸፍና ይሄን ስትገዛ ‹ለማን ነው› ይባላል? ገመናዋን ሸፈንኩላት እኮ!»

«እሷም የሌላ ሰው ገመና መሸፈኗ ነበር» አለችው ሂንዳ። ከዚያው ዓይነት አንድ ያልተከፈተ እሽግ ጠይቃ ይዛ ወጣች።

ሰዓዳ በጣቢያው የሴቶች ክፍል ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ያያት ግን አምሳ ይላታል። ሂንዳ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ኪኒኑ የዊዳድ እንደሆነ አውቄያለሁ። የቀረውን አንቺ ንገሪኝ።»

«ለታጁ አትነግሪውም?»

«ሰዓዳ፣ በነፍስ ግድያ ነው የተያዝሽው።»

«አውቃለሁ። አደራ ስላለብኝ ነው።» ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «አምና በረመዳን ልጅ ወልዳ ሞተባት። ወዲያው ግራ እግሯ አበጠ፤ ደም ረግቷል አሏት። ወር ተኛች። ነርሷ በሱማልኛ ነው የምትናገረው፣ እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። ሁለት ዓመት አታርግዢ አለቻት። ታጁ ደግሞ ልጅ፣ ልጅ ይላል። ስለዚህ ተደብቃ ሁሉም አንድ ቀለም የሆነውን ኪኒን ትወስድ ነበር። እሱ ግን ደሟን አዛባው፤ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይቆማል። የትኛው የወር አበባ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ጠፋባት። ለጾሙ ተጨነቀች። ከዚህ አልጋ ከተነሳሁ የሚመጣውን ረመዳን አንድ ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ ብላ ተስላ ነበር።»

«እና ደም የሚያቆመውን ኪኒን ፈለገች።»

«ሰፈር ውስጥ ስንቷ ለረመዳን ትወስደው የለ! ኸሊፋ የባሏ ወዳጅ ነው፣ እሷ እንዴት ትሂድ? እኔ ሄድኩላት። ግን ተጠንቅቄያለሁ፣ ወላሂ ተጠንቅቄያለሁ!» ድምጿ ጨመረ። «ነርሷ ያኔ ሁለቱን ዓይነት እሽግ፣ አንድ ቀለሙንና ቡናማ ያለበትን፣ አሳይታን ነበር። ጣቷን ቡናማዎቹ ላይ አድርጋ ‹ይሄ ያለበት አይሆናትም፣ ይገድላታል› ብላኛለች። ስለዚህ ገና ቤት ሳልገባ ቡናማዎቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ሱሑር ላይ በጨለማ ተሳስታ እንዳትውጣቸው። ግቢ ውስጥ ብጥላቸውም ልጆች ያነሷቸዋል ብዬ ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅኋቸው። ይኸው ያ ቆርቆሮ ነው አሳሰረኝ።»

ሂንዳ ከኸሊፋ ያመጣችውን እሽግ ልታሳያት አውጥታ ነበር። እጇ ውስጥ ያለውን እሽግ ወደ ኪሷ መለሰችው።

«ታምኚኛለሽ?» አለቻት ሰዓዳ።

«አምንሻለሁ።»

«እንግዲያው ማን እንደገደላት ፈልጊልኝ። እኔ ብታሰርም ልታሰር። ማን እንደሆነ ሳላውቅ ግን አልሙት።»

ሂንዳ ከክፍሉ ወጥታ በቀጥታ ወደ ሻለቃው ገባች። ጨርቁን አሳየችው፣ የባቶቹን ልክ ነገረችው፣ በዚህ ብቻ ልቀቃት ብላ ለመነችው። ሂንዳ ለምና አታውቅም፤ ሻለቃውም ገርሞት ትንሽ አያት። ከዚያ ቆርቆሮውን አንስቶ አቃጨለው።

«ይሄ ምን እንደሆነ ሳይነገረኝ አልፈታም። ሟች ቤተሰብ አላት። ባልየው ይጠይቀኛል።»

«ብነግርህ የሚጎዳ ሰው አለ።»

«ባትነግሪኝ የሚሰቀል ሰው አለ» አለ ሻለቃ አቦኮር፤ እሱም እውነቱን ነበር።

በማግስቱ ዙህር ከተሰገደ በኋላ ሁሉም ኤዶ ሀሲና ግቢ ተሰበሰቡ። ታጁ ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። ኸሊፋ ከእሱ ራቅ ብሎ ቆመ። ኤዶ ሀሲና በረንዳዋ ላይ ናት። ሻለቃው ወንበር ተሰጠው። ሰዓዳን አንዲት ሴት ፖሊስ ይዛት ገባች።

«ሰዓዳ ክፍሏ ውስጥ ትቆይ» አለች ሂንዳ።

«የለም!» አለ ታጁ ብድግ ብሎ። «ፊት ለፊቴ ትቀመጥ። ሚስቴን ምን እንዳበላቻት ፊቷን እያየሁ ነው የምሰማው።»

«እኔም ልስማ እንጂ» አለች ሰዓዳ። «እኔስ ማን እንደሆነ ልወቅ ብዬ አይደል?»

ሂንዳ ሻለቃውን አየችው። ሻለቃው ትቀመጥ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሰዓዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሂንዳም ነጩን ጨርቅ ዘረጋች።

«ከሾርባው እንጀምር። ይህን ደም ዊዳድ ከአሱር በኋላ አጥባዋለች። ከሳንባዋ በሳል የወጣ ነው። ያን ሰዓት ጾመኛ ነበረች፤ ከሱሑር ወዲህ እህልም ውሃም ባፏ አልዞረም። ሾርባው ገና እሳት ላይ ነበር። ሱሑሩን ደግሞ ከሰዓዳ ጋር ከአንድ ሳህን ነው የበላችው፤ ሰዓዳ ይኸው በሕይወት አለች። ስለዚህ ሾርባው ከመቅረቡ በፊት ሞቷ ደረቷ ውስጥ ገብቷል።»

«ታዲያ በምን ሞተች?» አለ ታጁ።

«ስፌት መኪናዋን እዩት። መርገጫውን ወደ ቀኝ ያዞረችው ግራ እግሯ እምቢ ስላላት ነው። ጫማዋም በግራ በኩል አልበቃ ብሏት ለቃዋለች። እኔ ስለካት ግራ ባቷ ከቀኙ በአራት ሳንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር። አምና የረጋው ደም ዘንድሮም ያው እግር ውስጥ ረጋ። ለዒድ ልብስ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጣ፣ ውሃ ሳትጠጣ። ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት ቁራጭ ቁራጩ ወደ ሳንባዋ መሄድ ጀመረ፤ ትንፋሽ ያጠራት ለዚህ ነው። እናንተ ጾም ነው አላችኋት። ከትናንት ወዲያ መግሪብ ላይ ስትነሳ ትልቁ ሄደና ዘጋት።»

ኤዶ ሀሲና «ያ ረቢ!» ብላ አፏን ያዘች።

«ቆርቆሮው» አለ ሻለቃው።

ሂንዳ ሰዓዳን አየቻት። ከዚያ የኸሊፋን እሽግ ከኪሷ አወጣች።

«ዊዳድ ይህን ትወስድ ነበር። ለረመዳን ደሟ እንዲቆም ነው። ታጁ፣ ስድቡን በኋላ፤ መጀመሪያ ስማኝ። የሴት ጭንቅላት ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ በየወሩ ለእንቁላል ማፍሪያዋ መልእክት ትልካለች፤ እንቁላል አሳድጊ፣ ልቀቂ ትላታለች። ይህ ኪኒን ሁለት ሆርሞን አለበት። ደም ውስጥ ሲገቡ ዕጢዋ ሥራው የተሠራ ይመስላትና መልእክቷን ታቆማለች። እንቁላሉ አይወጣም። የማህፀን ግድግዳም ሳይወፍር ይቀራል። ሃያ አንድ ቀን ውጣ ስታቆም ሆርሞኑ ከደሟ ይጎድላል፣ ያኔ ደም ይወርዳታል። ሳታቆም ወደ ሁለተኛው እሽግ ካለፈች አይወርዳትም። ለብዙ ሴት ይህ ምንም አይላትም። ከሁለቱ ሆርሞን አንዱ፣ ኤስትሮጅን የሚባለው፣ ጉበትን ደም የሚያረጋውን ነገር አብዢ ይላታል። አንዴ ደሟ ረግቶ ለሚያውቅ ሴት እሳት ነው። ቀድሞ የምትወስደው አንድ ቀለም ኪኒን ኤስትሮጅን የለበትም፤ ነርሷ እሱን የመረጠችላት ለዚያ ነበር።»

«ይኸው!» አለ ሻለቃው ቆርቆሮውን አንስቶ። «መርዙ ይሄ ነዋ!»

«ውሃ ስጡኝ» አለች ሂንዳ።

በረመዳን፣ በቀትር፣ በወንዶች ፊት ከቆርቆሮው አንድ ቡናማ ፍሬ አንስታ አፏ ውስጥ ጣለችና ውሃውን ጠጣች።

«አስተግፊሩላህ!» አለ ኸሊፋ።

«ዛሬ ጾም የለብኝም። ለምን የሚል ወንድ ካለ ይጠይቀኝ።» ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። «ይህ ብረት ነው፤ ደም ላነሰው ሰው የሚሰጥ። ሆርሞን የለበትም። ነጩ በሚቆምበት ሰባት ቀን መዋጡ እንዳይረሳ ነው የሚቀመጠው። አሥራ አራቱንም ብውጠው ሆዴን ያመኝ ይሆናል እንጂ አልሞትም። ሻለቃ፣ እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ መርዝ የለም። ሴትየዋን ፍታት።»

ሴት ፖሊሷ ካቴናውን ፈታች። ሰዓዳ ግን እጇን እንደታሰረ አድርጋ ያዘችው።

«ነርሷ ጣቷን ቡናማው ላይ ነው ያደረገችው» አለች።

«እሽጉን እንድትለዩት ነው፤ ቡናማ ያለበት እሽግ እንዳለ አይሆናትም ማለቷ ነው። አንቺ ጥፋት የለብሽም ሰዓዳ። እንዲህ ብላ ማስረዳት የነበረባት እሷ ናት።»

«እንዳለ ማለት?»

ሂንዳ እሽጉን ወደ ኪሷ መለሰችው።

«ኢንስፔክተር፣ ነጮቹም ማለት ነው?»

«ነጮቹ ናቸው።»

ሰዓዳ ጣቶቿን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ጀመር፤ የምትቆጥር ይመስል ነበር።

«አርባ አንድ ፍሬ» አለች በመጨረሻ። «በእጄ ነው የሰጠኋት። ተኝታ ሰዓቱ ሊያልፍባት ሲል እንኳ እኔ ነበርኩ የምቀሰቅሳት። አንድ ቀን አልረሳሁም።»

ታጁ አያት። ሊሰድባት አፉን የከፈተ መሰለ። «በየወሩ እጠይቃት ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን። «በየወሩ ኢንሻአላህ ትለኝ ነበር።» ግድግዳውን እየዳበሰ ወጥቶ ሄደ። ኸሊፋ «እኔም ለማን ነው ማለት ነበረብኝ» አለ፤ የሰማው ሰው የለም። ሻለቃው መዝገቡን ብብቱ ሥር ከቶ ተከተለው።

ኤዶ ሀሲና ወርዳ የሰዓዳን ትከሻ ያዘች። «አላህ የቀደረው ነው ልጄ። አብሽሪ።»

«ኤዶ፣ ሃያ አራት ጾማለች። ስድስት ቀን ጎደላት። ከዒድ በኋላ ልጹምላት?»

«ያልደረሰችበት ቀን ዕዳ የለባትም ልጄ። ሙት ባልኖረበት ቀን አይጠየቅም።»

«እንግዲያው ምን ላድርግላት?»

ኤዶ ሀሲና መቁጠሪያዋን መዳፏ ላይ አኖረችላት። ሂንዳ ብዙ ነገር የምታውቅ ሴት ናት፤ ይህን ግን አታውቅም። ጎንበስ አለችና «ሰዓዳ፣ ነጻ ነሽ። በሩ ክፍት ነው» አለቻት።

ሰዓዳ በሩን አየችው። ከመሬት አልተነሳችም።

«ትናንት እዚያ ቆልፋችሁብኝ ሳለ አንድ ነገር ነበረኝ» አለች።

«ምን?»

«እንዳልገደልኳት አውቅ ነበር።»